አልቀመጥም ያሉት ሽማግሌ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ዲሴምበር 14 ቀን 2024

ለተከበሩ ጋሼ ያለው፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ውርጭስ ዘንድሮ አዘነልዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ስልክ ብደውል እንደማይሰማዎት ስለማውቅ እንደ ድሮው በደብዳቤ መጣሁ። ወርቅውሃ በቴሌግራም ተቀብላ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቷ አትማ እንደምታመጣልዎት ነግራኛለች። እህት ወርቅውሃ፣ ስታትሚ እንዳታነቢው። እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ልበል ብዬ ነው።

ጋሼ፣ አባቴ ቢኖር እሱን ነበር የማስቸግረው። እርስዎ ግን የአባቴ የአጎት ልጅ ብቻ አይደሉም፤ «ያለው ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰበት ቤት የለም» ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ይምከሩኝ።

ላገባት የምፈልጋት ልጅ አለች። ሩሃማ ትባላለች፤ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው፤ ፋርማሲ ትሠራለች። እንዋደዳለን። ችግሩ አባቷ ናቸው፣ አቶ በፈቃዱ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ባገኙኝ ቁጥር «በላህ ወይ ልጄ» ሳይሉኝ አያልፉም። ግን ሽማግሌ ሊመጣ ነው ሲባል ይጠፋሉ። አውቶቡስ ነው የሚነዱት፣ መንገደኛ ይዘው ከስቴት ስቴት ይሄዳሉ። ሰመር ላይ ሽማግሌዎቼ ኮል ቢያደርጉላቸው «ኒያጋራ ሰው ይዤ እየወጣሁ ነው» አሉ። መስከረም ላይ «አውቶቡሱ ጋራዥ ነው» አሉ። አሁን ደግሞ ዊንተር ገባና ጭራሽ የሚያገኛቸው የለም፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ስኪ ተራራ ላይ ናቸው።

ስኪ ምን መሰለዎት፣ ሰው ሁለት ረጅም ጠፍጣፋ ነገር እግሩ ላይ ያስርና ከበረዶ ተራራ ቁልቁል ይንሸራተታል። ከዚያ ሽቦ ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጦ ተመልሶ ይወጣል። ደግሞ ይንሸራተታል። ይሄን ለማድረግ ይከፍላል። እኛ ሐበሾች ድሮ በረዶ ሲጥል መኪናችንን ጠርገን ሥራ መሄድ ብቻ ነበር የምናውቀው፤ አሁን ግሩፕ አለን። ቅዳሜ ጠዋት ሴቨን ኮርነርስ የሚባል ሰፈር ተሰብስበው፣ ጥብሳቸውን በፎይል ጠቅልለው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። የሚነዱት አቶ በፈቃዱ ናቸው። ተራራው ጋ ሲደርሱ አውቶቡሱን አቁመው እሳቸውም ስኪያቸውን ያወጣሉ። ስድሳውን አልፈዋል፤ ሲወርዱ ግን ጎረምሳ ነው የሚመስሉት።

ሩሃማን ከልጅነቷ ጀምሮ ይዘዋት ይሄዳሉ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ደግሞ አንድም ቅዳሜ አልቀሩም። ወንበሩ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው። ሲመጣ በጓንታቸው የእሷን ቦታ በረዶ ጠረግ አድርገው ያስቀምጧታል። ዛሬም፣ ሠላሳ ሊሞላት እየተንደረደረች።

እሷ «ምናሴ፣ ጀስት አንድ ቀን አብረኸን ና» ትለኛለች። እኔ ሥራዬ ሂተር መጠገን ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሳሞቅ ከርሜ በእረፍት ቀኔ ብርድ ፍለጋ አልሄድም አልኳት።

ያሰብኩት ይሄ ነው። ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ሦስት ቀን የሚያያዝ እረፍት አለ፤ ግሩፑ ተራራው ላይ ቤት ተከራይቶ ያድራል። አቶ በፈቃዱ አውቶቡሱን ጥለው የት ይሄዳሉ? ሽማግሌዎቼን ይዤ እዚያው ብሄድስ? ነውር ይሆናል? ሩሃማ አባቷ እሺ ሳይሉ አታገባም፤ «እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው» ማለት ግን ጀምራለች። እኔም ፈርቻለሁ፣ ጋሼ።

የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ሳይሳቀቁ ይጻፉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ
ምናሴ


ደብረ ብርሃን
ታኅሣሥ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምናሴ፣

ሰላምታዬ ውርጩም ባሕሩም ሳይዘው ያለህበት ድረስ ይግባ። አምላክ እጅህን ይባርክልህ፣ ከክፉ ይሰውርህ።

ደብዳቤህን ወርቅውሃ አመጣችልኝ። መነጽሬን ሳላደርግ «ጋሼ፣ ይሂድ በሉት» አለችኝ። እሷ ብቻ አይደለችም፤ ትናንት ዳቦ ልገዛ ብወጣ ባለሱቁ «አባትየው እሺ አሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከእንግዲህ ምስጢር የምትለው ነገር ካለህ እኔ ጋ አትጻፈው።

መጀመሪያ ስለ ብርዱ። ሰባ አራት ዓመት ደብረ ብርሃን ስኖር ለብርድ ከፍሎ የሚሄድ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እዚህ በነፃ ነው። አውቶቡሳችሁን ይዛችሁ ኑና የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ።

ወደ ጉዳይህ ልመለስ። ነውር የለውም። ሽማግሌ የሚሄደው ሰውየው ያለበት ነው። እኔ አንዱን አባት አውድማ ላይ እህል ሲወቃ ደርሼበታለሁ። ሌላውን ደግሞ ፀጉሩን ሲላጭ ነው የያዝኩት፤ በግማሽ ራሱ የት ይሂድ? እዚያው ሆኖ ልጁን ሰጠን።

ደንቡን ግን አጥብቃችሁ ያዙ። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቅ። ተቀመጡ ሲባል «ጉዳያችን ምላሽ ሳያገኝ አንቀመጥም» ይላል። ውሃ ቢቀርብለት አይቀምስም። የተቀመጠ ሽማግሌ ተራ እንግዳ ይሆናል፤ እንግዳ ደግሞ ጋብዘው ይሸኙታል፣ አለቀ። የቆመ ሰው ግን ባለቤቱን እረፍት ይነሳዋል። ምንም ቢመጣ እንዳይቀመጡ ብለህ ንገርልኝ። ዋናው ሽማግሌህ ማን ነው? ጉልበቱስ ደህና ነው?

ለራሴ የምፈልገው ነገር የለም። አንድ የማውቀው ሰው ግን ወፍራም ጃኬት አማሮታል። ቁመቱ እንደኔ ነው። ትከሻውም እንደኔ ነው።

ልደቱን በሰላም ያድርስህ።

ያለው


ሲልቨር ስፕሪንግ
ጃንዋሪ 26 ቀን 2025

ጋሼ፣ እንኳን ለጥምቀቱ በሰላም አደረሰዎ።

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ብርዱ ጠንክሮ የሁሉም ሂተር አንድ ላይ ተበላሽቷል። ዋናው ሽማግሌ ጋሼ ንጉሡ ናቸው፣ የበልትስቪሉ። ጉልበታቸው ብረት ነው። አንድ ነገር ከያዙ ግን ንቅንቅ የለም። ደብዳቤዎን ሳነብላቸው «ይሄ ሰው ያውቃል» ብለው ኮፒውን ተቀብለው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ሁለተኛው አቶ ብሥራት ናቸው፤ እሳቸው ጋሼ ንጉሡ ያሉትን ይላሉ።

ያ የሚያውቁት ሰው ምን ዓይነት ቀለም ይወዳል?

ምናሴ


ሲልቨር ስፕሪንግ
ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025

ለተከበሩ ጋሼ ያለው፣

ሰላምታዬ እንደተለመደው ነው፤ ጉድ ሆኛለሁና ረዘም አላደርገውም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሴቨን ኮርነርስ ተነሳን። አቶ በፈቃዱ በሩ ላይ ቆመው ሰው ሲያሳፍሩ ጋሼ ንጉሡን በካፖርትና በጋቢ፣ አቶ ብሥራትን በከረባት ሲያዩ ገባቸው። «ቀበቶ እሰሩ» ብቻ አሉ። ጋሼ ንጉሡ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ ይፈቀዳል አይፈቀድም ብለው መንገዱን ሙሉ ሲከራከሩ፣ ጉዳዩ ገና አልተነሳምና ይፈቀዳል ተባለ።

እንደደረስን አቶ በፈቃዱ ስኪያቸውን አድርገው ቀጥ ብለው ወደ ወንበሩ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ በረዶው ላይ እየተደጋገፉ ተከትለው መሳፈሪያው ላይ ደረሱባቸው። ጋሼ ንጉሡ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አቶ በፈቃዱ፣ ለክቡር ጉዳይ መጥተናል» ብለው ጀመሩ። አቶ በፈቃዱ ሰልፉን ዞር ብለው አይተው፣ ሰው እየጠበቀ ስለሆነ አብረዋቸው ወጥተው ላይ እንዲነጋገሩ ጠየቋቸው። አናቱ ላይ ሻይ ቤት አለ፤ ስኪ የማያደርጉ ሰዎችም በወንበሩ ወጥተው ይመለሳሉ። ሩሃማ ከፊታቸው በነበረው ወንበር ብቻዋን ሄዳለች።

ወንበሩ መጣ። ወንበሩ ላይ ሰው የሚያስቀምጠው ፈረንጅ ሠራተኛ ተቀመጡ አላቸው። ጋሼ ንጉሡ ዘወር አሉና «አልቀመጥም» አሉት።

ሰውየው ደንግጦ ማሽኑን አቆመው። ተራራው ላይ ያለው ወንበር ሁሉ ቀጥ አለ። ሩሃማ እግሯ ተንጠልጥሎ ከላይ «ባባ፣ ፕሊስ» ትላለች። ግማሹ የኛ ግሩፕ አየር ላይ ቀርቷል፤ ከእነሱ አንዷ፣ ወይዘሮ የዓለምዘርፍ፣ እዚያው ተንጠልጥላ ስልኳን አውጥታ ትቀርጻለች። ጋሼ ንጉሡ ደብዳቤዎ ያለበትን ኪሳቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በእንግሊዝኛ፣ «እኔ ሽማግሌ ነኝ። ይሄ ሰውዬ ልጅቷን እስኪሰጠን ድረስ አልቀመጥም» ብለው አስረዱት። ፈረንጁ አቶ በፈቃዱን በክፉ ዓይን አያቸውና ሬድዮውን አንስቶ አለቃውን ጠራ።

አለቃዋ በረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር መጣች። ሩሃማ ከአየር ላይ ሆና እየጮኸች ነገሩን ነገረቻት። ሴትየዋ ሆዷን ይዛ ስቃ ማሽኑን አስነሳችው። ያን ጊዜ ወንበሩ ከኋላ መጥቶ ጋሼ ንጉሡን ጉልበታቸው ላይ ገጨት አደረጋቸውና ቁጭ አሉ። ወደው አይደለም።

አቶ በፈቃዱ አጠገባቸው ተቀምጠው መደገፊያውን ብረት አወረዱ። «እንግዲህ ተቀመጡ፣ አቶ ንጉሡ። ጥያቄው ፈረሰ» አሏቸው። ከዚያ ላይ እስኪደርሱ ስለ በረዶ ዓይነቶች ሲያስረዷቸው ወጡ። ጓንታቸውንም አውልቀው አለበሷቸው፣ ሻይም ገዙላቸው። ጋሼ ንጉሡ እየተንቀጠቀጡ አልቀምስም ብለው ሻዩ ፊት ለፊታቸው እንደተቀመጠ በረደ።

ማታ የተከራየነው ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። አቶ በፈቃዱም እየሳቁ «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ ለከርሞ ቆማችሁ ኑ» አሉ። ሩሃማ አልሳቀችም። ተነስታ ወደ መኝታ ቤት ገባች። ብከተላት «ለከርሞ ነው እኮ ያለን፣ ምናሴ። ባባ እየቀለደ አይደለም» አለችኝ።

በማግስቱ ላጽናናት ብዬ እኔም ያለ ስኪ በወንበሩ አብሬያት ወጣሁ። አቶ በፈቃዱ ከኋላችን ብቻቸውን መጡ፤ አጠገባቸው ቦርሳቸውን አስቀምጠዋል። ላይ ስንደርስ ሳያናግሩን ቁልቁል ወረዱ።

አሁን ይፍረዱ። ተገፍቶ የተቀመጠ ሽማግሌ ተቀመጠ ይባላል? ጋሼ ንጉሡ ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክም አያነሱም። ያስቀየሙኝ መስሏቸው ነው። ፍርድዎን ይጻፉልኝና እሱን አሳይቼ አቶ በፈቃዱን ልርታቸው።

ጃኬቱን ወደ አገር ቤት ለምትሄድ ለማውቃት ልጅ፣ ለዮሐና፣ ሰጥቻታለሁ፤ የፊታችን እሑድ አዲስ አበባ ትገባለች። ጥቁር ሰማያዊ ነው።

ምናሴ


ሲልቨር ስፕሪንግ
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 2025

ጋሼ፣ ምነው ዝም አሉኝ? ሁዳዴ ገባ፤ ተራራው ላይ ያለው በረዶም እየሳሳ ነው አሉ። ወርቅውሃን ብጠይቃት «ይጽፉልሃል» ብቻ አለችኝ። አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ደህና መሆንዎን ብቻ ይንገሩኝ።

ምናሴ


ደብረ ብርሃን
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምናሴ፣

ጾሙን የበረከት ያድርግልህ። የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። ደህና ነኝ።

ፍርዱ ይኸውልህ። ተገፍቶ የተቀመጠ አልተቀመጠም። ሻዩን አለመቅመሱ ምስክር ነው። ለንጉሡ ሄደህ በአፍህ ንገረው፤ እንዲህ ያለ ሽማግሌ በዘመኔ አላየሁም ብሏል በለው። እኔ ራሴ በዚያ ብርድ ሻዩን እምቢ ማለቴን እንጃ።

ይህን ፍርድ ይዘህ ግን ወደ በፈቃዱ እንዳትሄድ። ምን ያደርግልሃል? ተረቶ ልጁን የሚሰጥህ መሰለህ? ሰውየው ስለ ደንቡ መቼ ጨነቀው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንተ የጻፍከውን አላየኸውም። ወንበሩ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። የልጁን ቦታ በጓንቱ ይጠርጋል ያልከኝም አንተ ነህ። አንተ ከእሷ ጋር ስትወጣ አጠገቡ ቦርሳውን አስቀመጠ አልክ። ጎኑ ባዶ ሆኖበት ነዋ። ሰውየው ሚስቱን ቀብሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ይዞ የሚቀመጥባት አንዲት ወንበር ናት የቀረችው፤ አንተ ሽማግሌ ሰብስበህ እዚያችው ወንበር ሥር ሄድክ። እኔ ብሆን አውቶቡሱን ይዤ ካናዳ ነበር የምገባው።

ልጅቷ አንድ ቀን ና ስትልህ ምን አልካት? ብርድ አልወድም። አይ ምናሴ። አሁን ሽማግሌውን ተወውና ቅዳሜ ሂድ። ስለ ጋብቻ አንድ ቃል አታንሳ። አስተምሩኝ በላቸው። ውደቅ፣ ተነስ፣ ደግሞ ውደቅ። ቶሎ እንዳትጎብዝ ልልህ ነበር፤ አባትህ ደልዳላ መሬት ላይ ይወድቅ እንደነበር ስለማውቅ ለዚህ አላስብም።

የጃኬቱ ነገር ይቆየን፤ ያ ሰው የሱፍ ካልሲም ይፈልጋል መሰለኝ።

ያለው

ወንድም ምናሴ፣ ወርቅውሃ ነኝ። ከታች ቦታ ስለተረፈ ነው። ጋሼ ሥራ በዝቶባቸው አይደለም፤ ጉንፋኑ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ሁለት ሳምንት ተኝተው ነበር። እንዳትነግሪው ብለውኛል። አሁን ተሽሏቸዋል፣ ጃኬቱም ደርሷል። «ለማውቀው ሰው እሰጠዋለሁ» ብለው ለብሰውት ነው የተቀመጡት። ሂድና ተማር።


ሲልቨር ስፕሪንግ
ማርች 17 ቀን 2025

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼ ያለው፣

ደረትዎ እንዴት ነው? ማን ነገረህ አይበሉኝ። ካልሲውን ልኬያለሁ። ለራስዎ ነው፤ ለማንም እንዳይሰጡብኝ።

እንዳዘዙኝ ሄድኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ አቶ በፈቃዱን አውቶቡሱ በር ላይ «ስኪ ያስተምሩኝ» አልኳቸው። ከኋላዬ ሽማግሌ ፈለጉ፤ የለም። ጾመኛ መሆኔን ጠየቁኝ። ነኝ ስላቸው «በባዶ ሆድ መውደቅ ይሻላል፣ ይቀላል» ብለው ከአውቶቡሱ ሆድ ውስጥ የድሮ ስኪያቸውን አወጡልኝ።

ጋሼ፣ መውደቅ ስልዎት። ቆሜ ወደቅኩ። ተቀምጬም ወደቅኩ። ከትከሻዬ የማይደርሱ ሕፃናት በግራና በቀኝ ሽው እያሉ ያልፉኛል። አቶ በፈቃዱ «ጉልበትህን እጠፍ» ይላሉ፤ አጥፌ እወድቃለሁ። አንዴ ስኪዬ አምልጦኝ ብቻውን ወርዶ ከታች ሰልፉ ውስጥ ገባ። ሩሃማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በወደቅኩ ቁጥር አጠገቤ ቆመው እጃቸውን ይሰጡኛል። ሰኞ ሥራ ስገባ ጎንበስ ብዬ ሂተር መክፈት አቅቶኝ ባለቤትየዋ ከፈተችልኝ።

በሁለተኛው ቅዳሜ በራሴ መውረድ ጀመርኩ፤ መቆም ግን አላውቅም፣ አጥር ነው የሚያቆመኝ። ምሳ ላይ የቆሎ ከረጢታቸውን አካፈሉኝና ስለ ባለቤታቸው አጫወቱኝ። አንድም ቀን ስኪ አድርጋ አታውቅም። ከታች መስኮቱ ጋ ተቀምጣ፣ አባትና ልጅ በወንበሩ ባለፉ ቁጥር እጇን ታውለበልብ ነበር። ዛሬም ሲያልፉ መስኮቱን ሳያዩ አይቀሩም። እኔም ቆሎዬን እያኘክኩ መስኮቱን አየሁ።

ያለፈው ቅዳሜ የመጨረሻው ነበር፤ በረዶው አለቀ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ጠርተው ሄጄበት በማላውቀው በተራራው ሌላ ጎን ወሰዱን። እዚያም ወንበር አለ። ሦስት ሰው ነው የሚይዘው።

ወንበሩ ሲመጣ በጓንታቸው የሩሃማን ቦታ ጠረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የእኔንም ጠረጉ። ተቀመጥን። እሷ ከመሃል ናት። ወንበሩ ግማሽ መንገድ ወጣ። ከዚያ እኔን ሳያዩ፣ ፊት ለፊታቸውን እያዩ፣ «ሩሃማን ከሰጠሁ ቅዳሜ ከማን ጋር እወጣለሁ ብዬ ነው የፈራሁት። እምቢ ያልኩህ አንተን ጠልቼ አይደለም» አሉኝ። ሩሃማ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ አደረገች። እኔም ለከርሞ ስኪዬን ራሴ እንደምገዛ ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ሳቁ። «እሺ ብያለሁ» አሉኝ። «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎቹን ቤቴ ላካቸው። አቶ ንጉሡን ግን ገና ከበሩ ቁጭ ይበሉ በላቸው፤ የወንበሩ ይበቃናል።»

ላይ ስንደርስ ስኪ አድርጌ ከወንበሩ መነሳት ስላልተማርኩ ሦስታችንንም ይዤ ወደቅኩ።

ጋሼ ንጉሡ ፍርድዎን ከሰሙ ወዲህ ስልክ ያነሳሉ። ነገሩን ስነግራቸው ቁጭ ብለው መጠየቅ ይከብደኛል አሉ፤ አቶ ብሥራትም ይከብደኛል አሉ። እንደምንም እናግባባቸዋለን። ሠርጉ ክረምት ላይ ነው፣ ሐምሌ። እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር?

ልጅዎ ምናሴ


ደብረ ብርሃን
መጋቢት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለምናሴና ለልጄ ለሩሃማ፣

ትዳራችሁን የአብርሃምና የሣራ ያድርግላችሁ። ለበፈቃዱ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። ቅዳሜውን እንዳትነኩበት፤ ስትወልዱም ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ያኔ አራት የሚይዝ ወንበር ፈልጉ።

ደብዳቤህ የመጣ ቀን ወርቅውሃ ልካብኝ ጃኬቱን ለብሼ ፎቶ ኮፒ ቤቷ ሄድኩ። ባለሱቁም መጥቷል፣ ፀጉር አስተካካዩም ሥራውን ጥሎ መጥቷል። «ጋሼ፣ ገና አልዳኑም፣ ይቀመጡ» ብላ ወንበር ሳበችልኝ። አልቀመጥም አልኳት። ውሃ ሰጠችኝ፤ አልቀምስም አልኳት። አንተ ሽማግሌ ያደረግከው እኔን አይደለም እንዴ? ጉዳዬ ምላሽ ሳያገኝ እንዴት እቀመጣለሁ። እንደቆምኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

እሺ ብያለሁ ከሚለው ስደርስ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወርቅውሃን ውሃውን አምጪው አልኳትና ጠጣሁ።

አባትህ ያለው